የሜሽ መጠን ከየት ይጀመራል?

ደብረ ብርሃን ያላችሁ የፎቶኒክስ ተማሪዎች፣ «ሜሹን ስንት ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ኤፍዲቲዲ (የብርሃንን ጉዞ ቦታንና ጊዜን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በኮምፒውተር የሚያሰላ ዘዴ) ለምትጠቀሙ ይኸው። ሜሽ ማለት ቦታው የሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ሕዋሶች ናቸው።

ሜሽ የሚለካው በአየር ላይ ባለው የሞገድ ርዝመት ሳይሆን ብርሃኑ በቁሱ ውስጥ በሚኖረው ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 1550 ናኖ ሜትር ብርሃን፣ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ብርሃኑ በቁሱ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚነግረው ቁጥር) 3.5 በሆነ ሲሊከን ውስጥ 443 ናኖ ሜትር ይሆናል። በአንድ የሞገድ ርዝመት 20 ሕዋስ እንዲኖር ለ20 ሲካፈል 22 ናኖ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ መነሻችሁ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሲሊከንና ሲሊከን ዳይኦክሳይድ እየተፈራረቁ በሚነባበሩበት አንጸባራቂ ላይ፣ የንብርብሩ ድንበር ነው። የሩብ ሞገድ (በቁሱ ውስጥ ካለው የሞገድ ርዝመት ሩቡን የሚያህል) ሲሊከን ንብርብር 110.7 ናኖ ሜትር ውፍረት አለው። ሜሹን 50 ብታደርጉት ፕሮግራሙ ንብርብሩን 100 ወይም 150 አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ በግማሽ ብሎኬት የማይሠራ ግንበኛ እንደማለት ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ድንበሩን ያለሰልሱታል፣ ግን አትመኩበት። ስህተቱ በየንብርብሩ ስለሚደመር የነጸብራቁ ባንድ (የሚንጸባረቁት የሞገድ ርዝመቶች ክልል) ከቦታው ይንሸራተታል። መፍትሔው 110.7ን ለ5 አካፍሎ 22.14 መውሰድና የሜሹን መስመር ድንበሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ለሲሊከን ዳይኦክሳይዱ ንብርብር ለብቻው አስሉ።

እስካሁን ያልኩት በሁሉም ቦታ ይሠራል። 20 የሚለው ቁጥር ግን ይለያያል፦ ለመጀመሪያ ሙከራ 10 ይበቃል፤ ወርቅ ወይም ብር ካለበት የብርሃኑ ኤሌክትሪክ መስክ ብረቱ ውስጥ በጥቂት አሥሮች ናኖ ሜትር ርቀት ስለሚከስም ብረቱ አጠገብ ከ1 እስከ 2 ናኖ ሜትር ያስፈልጋል።

ሜሹን በግማሽ ቀንሳችሁ ውጤቱ ካልተቀየረ በቂ ነው። በ3 አቅጣጫ ግማሽ ማድረግ ሥራውን 16 እጥፍ ስለሚያከብደው ጠፍጣፋ ንብርብርን በ1 አቅጣጫ ፈትኑ፤ ሜሽ ከማይፈልገው የትራንስፈር ማትሪክስ ስሌት (የንብርብሮችን ነጸብራቅ በቀጥታ በቀመር ከሚያሰላው ዘዴ) ጋርም አመሳክሩት።