ኢፌክቲቭ ፐርሚሽን ምንድን ነው?

የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ የኤክሴል ፋይሉን ከጋራ ድራይቩ ላይ ትከፍታለች፤ ሴቭ ስትል ግን እንቢ ይላታል። አይቲ ጋ ትደውላለች። ባለሙያው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ «ሴኩሪቲ» የሚለውን ታብ ያያል፦ ስሟ አለ፣ «ሞዲፋይ» (ማንበብ፣ መጻፍና ማጥፋት የሚያስችለው ፈቃድ) ላይም ምልክት ተደርጓል። «እኔ ጋ ችግር የለም» ይላታል። ሁለቱም አልዋሹም።

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ያለ የጋራ ፎልደር ሁለት የፈቃድ ዝርዝር አለው። አንደኛው ሼር ፐርሚሽን ነው፤ የሚመለከተው በኔትወርክ የሚመጣውን ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ «ሴኩሪቲ» ታብ ላይ የሚታየው፣ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የዲስክ ፋይል አያያዝ ሥርዓት) ፐርሚሽን ነው፤ ዲስኩ ላይ ካለው ፋይል ጋር የተያያዘ ስለሆነ በኔትወርክ ለመጣውም ሰርቨሩ ፊት ለተቀመጠውም ይሠራል። የግቢ በርና የቢሮ በር በሉት፤ የቢሮው ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም ጥበቃው ካላሳለፋችሁ ዋጋ የለውም። ኢፌክቲቭ ፐርሚሽን የሚባለው ሁለቱ ተጣርተው በመጨረሻ ለሰውየው የሚቀርለት መብት ነው፤ ከሁለቱ የሚጸናውም ጠበቅ ያለው ነው።

በየዝርዝሩ ውስጥ ግን ሒሳቡ ይለያል። ሰውየው ካለባቸው ግሩፖች ያገኘው ፈቃድ ሁሉ ይደመርለታል፤ «ዲናይ» (ክልከላ) ካለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲናይ ያሸንፋል። እኔ ዲናይን ባትነኩት እመርጣለሁ፤ መብት መስጠት ካልፈለጋችሁ አለመስጠት ይበቃል።

ወደ ሠራተኛዋ እንመለስ። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ወዲህ ፎልደር በ«አድቫንስድ ሼሪንግ» ሼር ሲደረግ «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ተጠቃሚ) የሚሰጠው «ሪድ» (ማንበብ) ብቻ ነው። ይህን ማንም ካልቀየረው ኤንቲኤፍኤሱ ላይ ሞዲፋይ ቢኖራትም ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችልም። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ያው አካውንት ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ገብቶ ሴቭ ማድረግ ከቻለና በኔትወርክ ካቃተው ጥፋቱ ሼር ፐርሚሽኑ ላይ ነው።

ሼሩ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ከማንበብ ሌላ ማጥፋትን የማይጨምረው «ራይት» (መጻፍ) ብቻ ተሰጥቷት እንደሆነ እዩ። ኤክሴል ሴቭ ሲያደርግ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ የድሮውን ያጠፋል፣ ከዚያ የአዲሱን ስም ይቀይራል። የማጥፋት መብት ከሌለ መሐል ላይ ይቆማል። ፎልደሩ ውስጥ ኤክስቴንሽን (እንደ .xlsx ያለ የስም መጨረሻ) የሌላቸው፣ ስማቸው ስምንት ፊደልና ቁጥር የሆነ ፋይሎች ከተጠራቀሙ ምልክቱ እሱ ነው። መፍትሔው ሞዲፋይ መስጠት ነው።

አዲስ ግሩፕ ውስጥ አስገብታችኋት ካልሠራ ደግሞ ሎግ ኦፍ ብላ ትግባ፤ የግሩፕ አባልነት የሚነበበው ሲገባ ስለሆነ ስክሪን ቆልፎ መክፈት አይበቃም።

ብዙ ቢሮ የሚመረጠው አቋራጭ ግን በሁለቱም ዝርዝር ለኤቭሪዋን «ፉል ኮንትሮል» መስጠት ነው። ስልኩ ይቆማል፣ የደሞዝ ፋይሉም ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ አንድ ኮምፒውተር ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባበትም ፎልደሩ በሙሉ አብሮ ይቆለፋል። የሚሻለው ሼሩን ሰፋ አድርጎ ትክክለኛውን ቁጥጥር በኤንቲኤፍኤስ፣ ያውም በሰው ስም ሳይሆን በግሩፕ መያዝ ነው። ያኔ የሚታየው አንድ ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ከ«ሴኩሪቲ» ታብ በሚከፈተው «አድቫንስድ» ውስጥ «ኢፌክቲቭ አክሰስ» የሚለው ታብ ላይ ስሟን አስገብቶ የቱ መብት እንደጎደላት ማየት ይቻላል።