የአርሲ እርሻ በኢትዮጵያ ምጣኔ ሀብት ውስጥ

ግብርና ከኢትዮጵያ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያስገኛል፤ ከሠራተኛው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የሚተዳደረው በእሱ ነው። እርሻ ሌላውን ዘርፍ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ፣ የት ላይም እንደሚሰናከል ለማወቅ የፈለገ ሰው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለውን አርሲን ቢመለከት ብዙ ይማራል። ደጋው የስንዴና የገብስ አገር ነው።

ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ወደ አካባቢው በስፋት የገቡት በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያመጣቸው የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ያቋቋሙት የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሲሆን «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። መሬቱ ግን የባለርስት ነበርና፣ ስንዴ ትርፍ ማምጣቱ ሲታወቅ ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን ከማሳው አስነሡት። አራሹን አፈናቅሎ የሚመጣ የምርት ብዛት ዕድገት ሊባል አይገባውም።

ጭሰኝነት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የእህል ኮታ መጣ። ገበሬው የተመደበበትን እህል ከገበያ ዋጋ ባነሰ ሒሳብ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር፤ አዝመራው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም አለ። ኮታው በ1982 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ትርፍ ማምረት ራስን እንደ መቅጣት ነበር። የአርሲ ገበሬ ትጋት አንሶት አያውቅም፤ ያነሰው የልፋቱ ዋጋ ነው።

እርሻና ፋብሪካ በቅርብ የተገናኙት በቢራ ገብስ ነው። ገብስ ከጥንትም ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለገንፎና ለጠላ ይዘራ ነበር። በ1970ዎቹ አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ ሲቆም ግን በአካባቢው ቋሚ ገዢ ተገኘ። ፋብሪካው ገብሱን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ያበቅላል፣ ከዚያም በሙቅ አየር ያደርቃል። ለዚህ ፍሬው ሙሉና እኩል መሆን አለበት፤ ፕሮቲኑም ከ12 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ምርት ይበዛልኛል ብሎ ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ያበዛ ገበሬ ፕሮቲኑን ከፍ ስለሚያደርገው ገብሱ ለብቅል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ከፋብሪካው ጋር ሲገበያይ ስለ ጥራት መጠንቀቅን ተምሯል፤ ዩኒየኖችና የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዘር ያቀርባሉ፣ ምርት ይሰበስባሉ። አንድ ኩንታል ገብስ ለጫኝ፣ ለሹፌር፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ እንጀራ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚገባ ብቅል የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪም ይቀንሳል።

ስንዴው ያለ ምርምር አይቆምም። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ በሰፊው ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ዝርያ መታ፤ ብዙ ማሳ ሳያፈራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዋግን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በፍጥነት መባዛታቸው፣ አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ሥራውን መቀጠሉ ብዙ ቤተሰብ አትርፏል። የምርምር በጀት ሲቀነስ ማን እንደሚጎዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ እየተዘዋወሩ በኩንታል ሒሳብ ያጭዳሉ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው አጨዳና ውቂያ በሰዓታት ይጠናቀቃል፣ የሚባክነውም እህል ይቀንሳል። በአጨዳ የቀን ገቢ ያገኝ የነበረው መሬት አልባ ወጣት ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የአንድ ገበሬ ይዞታ በአገር ደረጃ በአማካይ ከአንድ ሄክታር አይበልጥምና ለልጆች ሲከፋፈል የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በከፍተኛው ደጋ ደግሞ የአፈር አሲዳማነት የገብሱን ምርት እየቀነሰ ነው። መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ይታወቃል፤ ለአንድ ሄክታር ግን በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጭነት መንገድ ወዳልገባበት ቀበሌ ማድረስ ለአንድ ገበሬ አቅም የማይቻል ስለሆነ የመንግሥትንና የማኅበራትን ትከሻ ይጠይቃል።