የመሸጋገሪያ ፓኬጅ ምንድን ነው?

«ዴቢያንን ወደ አዲሱ ስሪት ካሳደጋችሁ በኋላ ባዶ ፓኬጆችን እየፈለጋችሁ አጥፉ፤ ኮምፒውተሩን የሚያዘገዩት እነሱ ናቸው» የሚል ምክር ተደጋግሞ ይሰማል። ዴቢያን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ነው፤ ፓኬጅ ደግሞ ፕሮግራም የሚጫንበት ጥቅል ነው። ምክሩ ሁለት ስህተት አለበት፤ ሁለተኛው አደገኛ ነው።

የመሸጋገሪያ ፓኬጅ የሚመጣው አንድ ፕሮግራም ስሙን ሲቀይር ወይም በሌላ ሲተካ ነው። በዴቢያን 12 ሰዓት የሚያስተካክለው «ኤንቲፒ» በ«ኤንቲፒሴክ» ተተክቷል፤ «ፖሊሲኪት-1» ደግሞ «ፖልኪትዲ» እና «ፒኬኤግዜክ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። አሮጌው ስም ድንገት ቢጠፋ ፓኬጆችን ከማከማቻ የሚያመጣው ፕሮግራም፣ አፕት፣ በምትኩ ምን ማምጣት እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ አሮጌው ስም ባዶውን ይቆይና በጥገኝነት ዝርዝሩ (አብረውት መጫን ያለባቸው ፓኬጆች ስም) አዲሱን ይጠራል፤ ሱቅ ሲዛወር በሩ ላይ እንደሚለጠፍ «ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ መሆኑ ነው። ከአፕት ሥር ባለው መጫኛ፣ በዲፒኬጂ፣ የፋይል ዝርዝሩን ብታዩ የምታገኙት የፈቃድ ጽሑፍና የለውጥ መዝገብ ነው። የሚሠራ ፕሮሰስ ስለሌለው ማንንም ሊያዘገይ አይችልም።

ዋናው ችግር «ባዶ ከሆነ አያስፈልግም» የሚለው ነው። «ሊኑክስ-ኢሜጅ-ኤኤምዲ64» ም ውስጡ ባዶ ነው፤ ግን ሜታፓኬጅ (ሌሎች ፓኬጆችን ለመጥራት በቋሚነት የሚቀመጥ) እንጂ የመሸጋገሪያ ፓኬጅ አይደለም። በምሳሌው እንቀጥል ከተባለ፣ እሱ ከግቢው የማይለቅ አከራይ ነው፤ ዛሬ የትኛው ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) እንደገባ በመጣችሁ ቁጥር የሚነግራችሁ። ብታጠፉት በዕለቱ ምንም አይበላሽም፤ ምክሩ ትክክል የሚመስለውም ለዚህ ነው። ያለው ከርነል መሥራቱን ይቀጥላል፤ በአዲስ የፓኬጅ ስም የሚወጣው የደህንነት ማስተካከያ ያለበት ከርነል ግን አይገባም። ማሽኑ ለወራት በአሮጌ ከርነል ይሠራል፤ የስህተት መልእክትም አይታይም። በዴቢያን ላይ የተመሠረተው የኡቡንቱ «ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ» ም ከዚሁ ወገን ነው።

ሁለቱን የሚለየው በአፕት ሾው የሚታየው መግለጫ ነው። የመሸጋገሪያው ብዙውን ጊዜ «ትራንዚሽናል» ወይም «ደሚ» የሚል ቃል ይዞ የተመደበበት ክፍል («ሴክሽን») «ኦልድሊብስ» ይሆናል። በክፍሉ ብቻ ግን አትፍረዱ። ኦልድሊብስ ውስጥ ባዶ ያልሆኑ፣ ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምባቸው አሮጌ ላይብረሪዎችም አሉ፤ የከርነሉ ሜታፓኬጅ ደግሞ «ሜታፓኬጅስ» በሚባለው ሳይሆን «ከርነል» በሚባለው ክፍል ነው የተመዘገበው።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። መጀመሪያ አሮጌውን ስም የሚጠራ የተጫነ ፓኬጅ መኖሩን በአፕት-ካሽ «አርዲፔንድስ» እዩ፤ ከማከማቻው ውጪ ያመጣችሁት ፕሮግራም አሁንም በአሮጌው በር ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ አዲሱ ፓኬጅ «ኦቶ» (በሌላ ፓኬጅ ጥገኝነት የገባ) ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ በአፕት-ማርክ አረጋግጡ። አዲሱ የገባው በአሮጌው ጥገኝነት ብቻ ከሆነ፣ አሮጌውን አጥፍታችሁ «ኦቶሪሙቭ» (ማንም የማይጠራቸውን «ኦቶ» ፓኬጆች የሚያጠፋው ትእዛዝ) ስትሉ እውነተኛው ፕሮግራም አብሮ ይጠረጋል። አፕት በኦልድሊብስ ክፍል ላሉት «ማኑዋል» (ተጠቃሚው ራሱ የጫነው) የሚለውን ምልክት ወደ አዲሱ ያዛውራል፤ ክፍሉ በትክክል ካልተመዘገበ ወይም በዲፒኬጂ በቀጥታ ከተጫነ ግን ይህ አይሆንም። የምትፈልጉትን ራሳችሁ «ማኑዋል» አድርጉት። ከዚያ የማጥፊያውን ትእዛዝ በማስመሰያ አማራጩ አስኬዱና የሚጠፉትን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቡ። ካሰባችሁት ስም ሌላ ከታየ አቁሙ።

«ፐርጅ» ማድረግ፣ ማለትም ፓኬጁን ከቅንብር ፋይሎቹ ጋር ማጥፋት፣ ለኋላ ይቆይ። ዲፒኬጂ የአሮጌውን ፓኬጅ የቅንብር ፋይሎች በአሮጌው ስም መዝግቦ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ፐርጅ ያጠፋቸዋል። የቅንብር ፋይሎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ማውጫ ውስጥ በእጃችሁ ያስተካከላችሁት ፋይል ካለ መጀመሪያ ቅጂ ያዙ።

ኡቡንቱ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ከ22.04 ጀምሮ የፋየርፎክስ ዴብ ፓኬጅ (አፕት የሚጭነው ዓይነት) የመሸጋገሪያ ነው፤ ስናፑን (ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ሌላ ዓይነት የፕሮግራም ጥቅል) የሚያመጣው ግን በጥገኝነት ዝርዝር ሳይሆን በመጫኛ ስክሪፕት ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው የጥገኝነት ፍተሻ እዚህ ምንም አያሳያችሁም፤ ከመንካታችሁ በፊትም ከነካችሁ በኋላም በ«ስናፕ ሊስት» አረጋግጡ።