የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ምንድን ነው?

ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ የገባ ሰው፣ ከመስፊያ መስመሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ሳያይ አይወጣም። ከላይ የገዢው ኩባንያ ስም አለ። ከሥሩ፦ ሕፃን አይቀጠርም፣ ማንም ተገዶ አይሠራም፣ ሠራተኛ አይሰደብም አይመታም፣ የመውጫ በር አይቆለፍም። ሠራተኛው ኮድ ኦፍ ኮንዳክት ይለዋል። በአማርኛ የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ልንለው እንችላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ኩባንያ ብዙ ጊዜ የራሱ ፋብሪካ የለውም፤ ሸሚዙን የሚያሰፋው በሌሎች ነው። ለእነሱም “ከእናንተ የምገዛው እነዚህን ካከበራችሁ ነው” ብሎ ዝርዝር ይሰጣል። አቅራቢው ይፈርማል። ጥሶ ከተገኘ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ የግዢ ትእዛዙን ያጣል። ይህን መንገድ ቀድሞ የጀመረው የጂንስ አምራቹ ሌቪ ስትራውስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991። ከዚያ በፊት “ፋብሪካው የእኛ አይደለም” የሚለው መልስ ብዙ ገዢዎችን ያድን ነበር።

የኩባንያዎቹ ደንቦች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ይህ ከእኛም ሕግ ጋር ይገጥማል፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 መደበኛ ሰዓትና ቢበዛ 12 ትርፍ ሰዓት ይፈቅዳል። ደመወዝ ላይ ሲደርስ ግን ደንቡ ይላላል። አብዛኛው “የአገሩ ሕግ ከሚያዘው ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳያንስ” ይላል። አዋጃችን ደግሞ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተናገረ እንጂ ለግሉ ዘርፍ የብር መጠን አላስቀመጠም። ስለዚህ ፋብሪካው ለቤት ኪራይና ለምግብ የማይበቃ ደመወዝ እየከፈለም ደንቡን አክብሯል ሊባል ይችላል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ቀዳዳ ነው።

መከበሩ የሚታየው በኦዲት ነው። በአንድ የልብስ ፋብሪካ የኮምፕሊያንስ ክፍል (የደንቡን መከበር በሚከታተለው ክፍል) ስሠራ ብዙ ኦዲት አሳልፌአለሁ። ኦዲተሩ የመውጫውን በር በእጁ ገፋ ያደርጋል፣ የእሳት ማጥፊያው ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ቀን ያነባል፣ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ከደመወዝ መክፈያው ጋር ያመሳክራል። በሩን ዘግተው የነበሩት ካርቶኖች ግን ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ማታ ተነስተዋል። አንዲት ልጅ ለብቻዋ ተጠርታ “በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?” ስትባል፣ ጥያቄው ሳያልቅ “ስልሳ” ስትል ሰምቻለሁ። እንዲያ ብላ እንድትመልስ ጠዋት ተነግሯታል። ልጅቷን አልፈርድባትም፤ የገዢው ትእዛዝ ቢቀር መጀመሪያ ከሥራ የምትወጣው እሷ ናት።

የወረቀት ኦዲት ምን ያህል እንደሚያታልል የፓኪስታኗ ካራቺ አሳይታለች። አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ ጥሩ የሥራ ሁኔታ አለው የሚል ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት ባገኘ በሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። እኛ አዲስ ዓመት በምናከብርበት ዕለት ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ነበራቸው፤ በሮችም ተቆልፈው ነበር። ተጎጂዎች ዋናውን ገዢ፣ የጀርመኑን የልብስ ሻጭ ኪክን፣ ዶርትሙንድ ላይ ቢከሱም ፍርድ ቤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ክሱን በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብሎ፣ ዘጋው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ደንቡ አቅራቢውን ያስገድዳል፤ ገዢውን አያስገድድም። ያው ገዢ ዋጋ ቀንሱ ይላል፣ የጨርቅ ቀለም በመጨረሻ ሰዓት ይቀይራል፣ መርከቡ የሚነሳበትን ቀን ግን አይገፋም። ያኔ የ60 ሰዓቱ ገደብ እንዴት ይከበራል? ከኮምፕሊያንስ ቢሮ የሚወጣው ማስጠንቀቂያና ከምርት ክፍሉ የሚወጣው ትእዛዝ የሚገናኙት ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ነው።

ገዢውንም የሚያስር ውል የመጣው ከብዙ ሞት በኋላ ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ። ሕንፃው ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ወር የባንግላዴሽ አኮርድ የተባለው የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ። ከተለመደው ደንብ የሚለየው፣ የልብስ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር መፈራረማቸውና አቅራቢው ሕንፃውን የሚያድስበትን ገንዘብ የማመቻቸት ግዴታ መግባታቸው ነው። ማኅበራቱ ሁለት ኩባንያዎችን በዚሁ ውል ሔግ ድረስ ወስደው በግልግል ጉባኤ ከሰሱ። ሁለቱም ጉዳዮች በስምምነት አለቁ፤ በአንደኛው ኩባንያው 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ አብዛኛው ገንዘብ የአቅራቢዎቹን ፋብሪካዎች ለማደስ የሚውል ነበር።