የሕፃን ልደት በጭብጥና በአቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላው የልደቱ ጭብጥ «ባሕር» ነበር። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ዓሣ ቆረጥኩ፣ ማዕበል ቀባሁ፣ ከጣሪያው ላይ ኮከብ አንጠለጠልኩ። በዕለቱ ልጁ ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። ዕቃው የመጣበት ባዶ ካርቶን ውስጥ ገብቶ «መርከቤ ነው፣ ግቡ!» እያለ ሲጮህ ዋለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ገቡ። የካርቶኑ አንዱ ጎን ሲቀደድ «ሰመጥን!» ተባለ፤ ሁሉም ምንጣፉ ላይ መዋኘት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የልጄንም የዘመድ ልጆችንም ልደት ሳዘጋጅ ብዙ ነገር ቀንሻለሁ። የቀነስኩት ነገር አብዛኛው «ይሄ ከሌለማ ምኑን ልደት ሆነ» የሚባልለት ነው።

«ጭብጥ ማለት ዲኮር ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ገንዘቡም በብዛት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ለትንሽ ልጅ ጭብጥ ማለት የሚያየው ሳይሆን የሚሆነው ነገር ነው። ባሕር ከሆነ መርከበኛ ይሆናል። ጫካ ከሆነ አንበሳ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አንበሳ ግን የአዋቂዎች ፎቶ ማድመቂያ ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ከልደቱ በፊት ክፍሉ መሐል ተንበርከኩና ዙሪያውን ተመልከቱ። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚታየው የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የወንበር እግርና ወለሉ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ዲኮር ለእሱ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ ያለችውን ትንሽ ገንዘብ ወደ ታች አውርዷት።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ጥግ እመርጣለሁ፤ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ብቻ ነው። ሁለት ቀለም እወስናለሁ፤ ለባሕር ሰማያዊና ነጭ። ቤት ውስጥ ያለ ሰማያዊ አንሶላ አወጣለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያራግቡት ማዕበል ይሆናል፣ ልጆቹ ከሥሩ ይሮጣሉ። ይሄ ጨዋታ ምንም ወጪ የለውም። የሚደክመው የአዋቂዎቹ ክንድ ነው እንጂ ልጆቹማ «ድገሙ!» ማለት አይሰለቻቸውም።

ደግሞ የታዋቂ ካርቱን ምስል ያለበት ሳህንና ኩባያ ከባዶው የሚወደደው ለምስሉ ስለምትከፍሉ ነው። ልጁ አንድን ገጸ ባሕርይ ካልሆነ ብሎ ከያዘ፣ ያንኑ ቀለም ያለው ባዶ ሳህን ግዙና ምስሉን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አድርጉት። ልጁ ያገኘዋል፣ አታስቡ።

«ሁሉን በራስ እጅ መሥራት ይረክሳል»

አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ባለቀለም ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ ሪባን፣ የቀለም ሕትመት፣ የተበላሸውን መተኪያ፤ ሁሉም ሲደመር ያስደነግጣል። የእንቅልፉን ዋጋ ደግሞ ማንም አይደምረውም። የእኔ መመዘኛ ቀላል ናት፦ ቤት ባለው ነገር የሚሠራ ከሆነ እሠራዋለሁ፤ ለመሥራት መጀመሪያ ግዢ መውጣት ካለብኝ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ጋር አወዳድራለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን ለወዳጅ መደወል ይቀድማል። ባለፈው ወር ልደት ያከበረ ሰው ቤት፣ አንድ ቀን ብቻ የተሰቀለ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። በነገራችን ላይ፣ የምትገዙት ነገር ላይ ስምና ዕድሜ አታስጽፉ። «3» የሚል ጨርቅ ለሚቀጥለው ዓመት አይሆንም።

«ፊኛው በሂሊየም ካልተሞላ አያምርም»

ሂሊየም ተራውን የጎማ ፊኛ የሚያንሳፍፈው በአማካይ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ነው። ጋዙ በጎማው ውስጥ እያሾለከ ይወጣል። ማታ ተሞልቶ ያደረ ፊኛ ለነገ ከሰዓቱ ልደት ወገቡ ተሰብሮ ይጠብቃችኋል። በትንፋሽ ወይም በእጅ ፓምፕ የተነፋው አይንሳፈፍም፤ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ልጆቹ የሚፈልጉት ደግሞ የሚመቱትንና የሚያባርሩትን ነው። ግድግዳ ላይ ለማስያዝ ከፈለጋችሁ ፀጉራችሁ ላይ አሹትና ለጥፉት፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ለጊዜው ይይዛል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ያልተነፋ ፊኛና የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ልጅን ያንቃል። ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያው ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ፊኛ በፈነዳ ቁጥር ቁራጩን ወዲያው የሚለቅም አንድ አዋቂ መድቡ።

«ገጸ ባሕርዩን ለብሶ የሚመጣ ሰው ካልተቀጠረ ልጁ ይከፋዋል»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሪታ ደቭሪስ የተባለች ተመራማሪ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ሜይናርድ የተባለ ድመት አሳየች። ከዚያ ለድመቱ የውሻ ጭምብል አጠለቀችለት። ጅራቱ ሲታይ ቢቆይም፣ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ድመቱ የምር ውሻ የሆነ መሰላቸው። ወደ ስድስት ዓመት የተጠጉት ግን አልተሸወዱም።

እንግዲህ በዚያ ዓይን አስቡት። ሁለት ሜትር የሚሆን፣ ዓይኑ የማይርገበገብ ድብ በሩን ከፍቶ ይገባል። እናት «ሂድ እቀፈው!» ትላለች። ልጁ ቀሚሷን ጭምድድ አድርጎ ይዞ ያለቅሳል። ሰውየው ተከፍሎት ይሄዳል። ገጸ ባሕርይ የግድ ካስፈለገ ልጁ የሚያውቀው አጎት ፊቱን ሳይሸፍን፣ እዚያው ልጆቹ ፊት ጆሮና ጅራት ያድርግ። እንዴት እንደተለወጠ ካዩ የሚፈራ አይኖርም፤ እንዲያውም ጅራቱን ይጎትቱታል።

«የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ካልተጠሩ ነውር ነው»

ነውሩ የእኛ የወላጆቹ ጭንቀት ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ የልጁ ዕድሜ ሲደመር አንድ ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ አራት እንግዳ። ሕግ አይደለም፤ ግን ምክንያት አለው። ሚልድሬድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት እንደገለጸችው፣ ትንንሽ ልጆች አብረው ከመጫወት ይልቅ ጎን ለጎን ሆነው የየራሳቸውን ይጫወታሉ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሃያ ጓደኛ አያስፈልገውም። የሚቆጠሩት ደግሞ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። አሥር ልጅ ስትጠሩ አሥር ወላጅ፣ ምናልባትም አምስት ታላቅ እህት ወንድም ጠርታችኋል። መስተንግዶውን የሚያስወድደው ይሄኛው ነው። ግብዣው ላይ የሚጀመርበትንም የሚያልቅበትንም ሰዓት ጻፉ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት ከሞላ ለቅሶው ይጀምራል።

«ስኳሩ ነው ያሳበዳቸው»

ይቺን ሁላችንም ብለናታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ወንድ ልጆች ስኳር አልባ መጠጥ ተሰጣቸው። ለግማሾቹ እናቶች ግን ስኳር እንደጠጡ ተነገራቸው። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ይበልጥ ቅብጥብጥ ናቸው አሏቸው። በቀጣዩ ዓመት የወጣ፣ 23 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ግምገማም ስኳር የልጆችን ባሕርይ እንደማይቀይር አሳየ። ለጥርስ ሲባል መቀነሱ ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ ይረጋጉ ብላችሁ ውድ «ከስኳር ነፃ» ነገር አትግዙ። የሚያቀብጣቸው ሕዝቡ፣ ጩኸቱና ያለፈው የቀን እንቅልፍ ነው። ልደቱን ከእንቅልፍ በኋላ አድርጉት።

«እንግዶቹ ባዶ እጃቸውን አይሂዱ»

በትንንሽ ፕላስቲክ የተሞላው ከረጢት በማግስቱ ሶፋ ሥር ነው የሚገኘው። ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጥቃቅኑ ነገር ራሱ አደጋ ነው። አንድ ነገር ይበቃል፤ ያውም ጨዋታው ላይ የተሠራች የወረቀት መርከብ ከሆነች እሷው ስጦታ ናት።

«ጭብጡ ኬኩ ላይ መታየት አለበት»

ተቀርጾ በተሠራ ኬክ ላይ የምትከፍሉት ለቅርጹ ነው። ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ሻማ እፍ ሲባል ክሬሙ ላይ የሚያርፈው ባክቴሪያ በአማካይ በ1400 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጤነኛ ሰውን ብዙም አያሳስብም፤ ግን የሦስት ዓመት ልጅ እፍ ሲል ያየ ሰው ምራቁን ያውቀዋል። ስለዚህ እኛ ቤት ሁለት ኬክ ነው። ለእንግዳው ምንም ያልተጻፈበት ተራ ኬክ ወጥ ቤት ተቆርጦ ይቀርባል። ለባለልደቱ ደግሞ የኩባያ አፍ የምታክል ኬክ፣ አንድ ሻማና የራሱ መጫወቻ መርከብ፣ በደንብ ታጥባ። አምና ሻማውን አምስት ጊዜ አስለኮሰን፤ መርከቧን ከነክሬሟ ወደ መታጠቢያ ቤት ይዟት ሄደ።