ግድብ ቢደረመስ ውሃው መቼ ይደርሳል? የመደርመስ ጎርፍ ሞዴልና የአደጋ ጊዜ ዕቅድ

የግድብ መደርመስ ጎርፍ ሞዴል ማለት አንድ ግድብ ቢሰበር የተጠራቀመው ውሃ በየት በኩል፣ በምን ያህል ጥልቀትና ፍጥነት፣ በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ አስቀድሞ የማስላት ሥራ ነው። የትኛው ሰፈር ቀድሞ ይልቀቅ፣ የትኛው ድልድይ ይዘጋ፣ ሕዝቡ ወደ የትኛው ኮረብታ ይውጣ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ የሚያገኙት ከዚህ ስሌት ነው። ሞዴሉ የሚሠራው ግድቡ ስለተጠረጠረ አይደለም፤ ከበታቹ ሰው የሚኖርበት ግድብ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ሊሠራለት ይገባል።

በዚህ ሙያ ማልፓሴን የማያነሳ የለም። በደቡብ ፈረንሳይ ከፍሬዡስ ከተማ በላይ የነበረው ይህ ስስ የኮንክሪት ቅስት ግድብ 66 ሜትር ገደማ ከፍታ ነበረው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1959፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከባድ ዝናብ ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞላው በተቃረበበት ሰዓት ተሰበረ። የከዳው ኮንክሪቱ ሳይሆን በግራ በኩል የተደገፈበት ዓለት ነው። 423 ሰዎች ሞቱ።

ጎርፉ ሲወርድ ሦስት የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮችን መታ፤ እያንዳንዳቸው የጠፉበት ቅጽበትም ታወቀ። የመጀመሪያው ግድቡ በተሰበረ በ100 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው በ1,240፣ ሦስተኛው በ1,420 ሴኮንድ ጠፉ። ውሃው በሁለቱ ዳርቻዎች የደረሰበትን ከፍታ ደግሞ ፖሊስ እየዞረ መዘገበ። በ1964 የፈረንሳይ ኤሌክትሪክ ድርጅት ላቦራቶሪ ሸለቆውን 400 ጊዜ አሳንሶ በመሥራት ጎርፉን እንደገና አስኬደው። እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ የስሌት ፕሮግራም የሚጽፉ ተመራማሪዎች ሥራቸውን በእነዚህ ቁጥሮች ይፈትናሉ። 1,240 ሴኮንድ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ለደረሰውና መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከፍታ ላይ የሚያወጣ ጊዜ ነው።

ሞዴል ሠሪው መጀመሪያ የሚወስነው ግድቡ እንዴት እንደሚሰበር ነው። ቅስት ግድብ ባንድ አፍታ እንደሚሄድ ይታሰባል። የአፈር ግድብ ግን ውሃ ከላዩ ሲፈስበት ወይም በውስጡ ሰርስሮ ሲያልፍ ቀስ በቀስ ይሸረሸራል፤ ስለዚህ የሽንቁሩን የመጨረሻ ስፋትና እስኪከፈት የሚወስደውን ጊዜ መገመት የግድ ነው። ግምቱ ቀደም ሲል ከተደረመሱ ግድቦች በተገኙ ቀመሮች ይወሰዳል፤ ስህተቱም ቀላል አይደለም። ውሃው እየራቀ ሲሄድ የዚህ ስህተት ጉዳት ይደበዝዛል፣ ከግድቡ ሥር ግን ጎልቶ ይታያል። ለመሸሽ ጊዜ የሌላቸውም እዚያው የሚኖሩት ናቸው። ስለሆነም አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ጥናት ሊታመን አይገባም። ግድቡ በጠራ ቀን ቢሰበርና በከባድ ጎርፍ መካከል ቢሰበር፣ በፍጥነት ቢከፈትና በዝግታ ቢከፈት ተብሎ ተደጋግሞ መሠላት አለበት።

ቀሪው የመሬቱ ነገር ነው። የውሃውን ጉዞ የሚገልጹት የሴን ቬናን እኩልታዎች ከ1871 ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሄክ ራስ የተባለው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። የሚያስቸግረው መረጃው ነው። በእኛ አገር የቆቃን ሐይቅ ብንወስድ፣ ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዋሽ ደለል ብዙ ቦታ ይዞበታል፤ በጥንቱ ዲዛይን ይዘት የተሠላ ጎርፍና ዛሬ ተለክቶ የተሠላ አንድ አይሆኑም። ከበታቹ ያለው የወንጂ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ውሃ እዚያ በወንዙ ብቻ አይወርድም፣ ወደ ጎንም ይሰፋል፤ እያንዳንዱ የመስኖ ቦይና የጎርፍ መከላከያ ክትር መንገዱን ይቀይረዋል። ከአንዱ ግድብ በታች ሌላ ካለ ደግሞ የታችኛውም አብሮ ተሰብሮ መሠላት አለበት። በሴፕቴምበር 2023 በሊቢያዋ ደርና ሁለቱም ግድቦች በአንድ ሌሊት ሄደዋል።

በብራዚል ብሩማዲኞ በጃንዋሪ 25 ቀን 2019 የማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ሲደረመስ የሠራተኞቹ የምግብ አዳራሽና ቢሮ ከግድቡ በታች ነበሩ። የማስጠንቀቂያ ደወሉ አልጮኸም፤ 270 ሰዎች ሞቱ። በአሜሪካ አይዳሆ የቲተን የአፈር ግድብ በጁን 5 ቀን 1976 ሲሄድ ሁኔታው ሌላ ነበር። ማፍሰሱ በጠዋት ታየ፤ ሽንቁሩን ለመድፈን የተላኩ ሁለት ቡልዶዘሮች ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ግድቡ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ተሰበረ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ግን ለአካባቢው ፖሊስ ተደውሎ ሰው እንዲወጣ መደረግ ተጀምሮ ነበር። ከተሞች ተጠራርገው የሞቱት 11 ሰዎች ናቸው።

ጥሩ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ለዚህ ነው ከጥልቀት ካርታው ጎን ውሃው በየሰፈሩ የሚደርስበትን ደቂቃ፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ መብራትና ኔትወርክ ከሌለም በምን እንደሚነገር የሚጽፈው። ከግድቡ በታች አዲስ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ በተሠራ ቁጥር ካርታውም እንደገና ይሠላል።