ስካነር የግዕዝ ፊደል ሲያነብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ማሽን ወደሚያስኬደው የሚተረጉም ፕሮግራም) ኮርስ፣ ለተለዋዋጮች (ቫሪያብል) በአማርኛ ስም መስጠት የሚፈቅድ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ተማሪዎችን ሳይ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ የሚቸገሩት ስካነሩ ላይ ነው፤ ማለትም የምንጭ ኮዱን አንብቦ ቶክን፣ ማለትም እንደ ስም፣ ቁጥርና ምልክት ያሉ ቁራጮችን በሚያወጣው የኮምፓይለር ክፍል። ችግሩን የሚያባብሱት ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ ጥቂት አባባሎች ናቸው።

«አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው»

«ደሴ» ሁለት ፊደል ነው፣ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ቁጥሮችን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ግን 6 ባይት ይይዛል። የ«ሴ» የዩኒኮድ ቁጥር በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) 1234 ሲሆን ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው 225፣ 136፣ 180 ተብሎ ነው። በሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚይዘው ዓይነት «ቻር» በብዙ ማሽኖች አሉታዊ ቁጥርም ስለሚይዝ 225 ተነብቦ -31 ይሆናል። ይህን ቁጥር ይዞ የካራክተሮችን ዓይነት የሚነግር ሠንጠረዥ ውስጥ መፈለግ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ሜሞሪ መንካት ነው። ባይቶቹን ከመጀመሪያው አሉታዊ በማይሆን ዓይነት ማንበብ ይበቃል።

«እንግዲያው ሁሉንም ወደ ሰፊ ካራክተር መለወጥ ግድ ነው»

ሰፊ ካራክተር ማለት ለአንድ ፊደል ከአንድ ባይት የሰፋ ቦታ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ምክሩ ሥር አለው። እንደ ሺፍት-ጂስ ባሉ የቆዩ የጃፓንኛ ኢንኮዲንጎች የአንድ ፊደል ሁለተኛ ባይት 92፣ ማለትም የባክስላሽ (\) ቁጥር ሊሆን ስለሚችል፣ ባይት በባይት የሚያነብ ስካነር ይሳሳት ነበር። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ግን ከ128 በታች ያለ ባይት በሌላ ፊደል ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ አድርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍና ኮሜንት ወደ ሰፊ ካራክተር ሳይለወጡ ማለፍ ይችላሉ፤ ፊደሉን መፍታት የሚያስፈልገው ከእነዚህ ውጭ 128 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ሲገጥም ብቻ ነው። ዋናው የግዕዝ ክፍል ሁሌም በ225 ይጀምራል፣ ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ነው።

ሰፊው ካራክተር ራሱም አንድ ወጥ አይደለም፤ በዊንዶውስ 16 ቢት፣ በሊኑክስ 32 ቢት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት ደግሞ ከ65,535 በላይ ስለሆኑ 16 ቢት ላይ አንዱ ፊደል ሁለት ቦታ ይፈልጋል።

«ሐ እና ሀን ዩኒኮድ አንድ ያደርግልናል»

አያደርግም። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» ብለን የምንጽፋት የወሎዋ ከተማ ለስካነሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናት። የፓይተን ቋንቋ ስሞችን ኖርማላይዝ ቢያደርግም (አንድ የሚባሉ አጻጻፎችን ወደ አንድ መልክ ቢያመጣም) እነዚህን አይነካቸውም፣ ዩኒኮድ የሚያውቃቸው እንደ ተለያዩ ፊደላት ነውና። ታዲያ እኛው እናዋህዳቸው? እኔ አልመክርም። በትግርኛ ሀ እና ሐ ድምፃቸው ይለያያል፤ ለአማርኛ የሚመች ሕግ የሌላውን ኮድ ያበላሻል። ይልቅ ስካነሩ ስሙን እንዳለ ይያዝ። ያልታወጀ ስም ሲገጥም ኮምፓይለሩ በሞክሼ ፊደል ብቻ የሚለይ የታወጀ ስም ፈልጎ «ሐይቅ ለማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ተጠቃሚውን ብዙ ድካም ያድነዋል።

«የግዕዝ ቁጥር እንደ ማንኛውም ቁጥር ይነበባል»

በፓይተን «ወሎ፩» ትክክለኛ ስም ነው፣ «፩ወሎ» ግን አይደለም። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በስም ውስጥ ይፈቀዳሉ፣ ፲ ግን አይፈቀድም። አኃዞቹ ባለ ቦታ ዋጋ ሥርዓት (የአኃዙ ዋጋ በተቀመጠበት ቦታ የሚወሰንበት) ስላልሆኑ ወደ ቁጥር መለወጥ ከተፈለገ የራሱ ኮድ ያስፈልገዋል።

«፡ እና : አንድ ናቸው»

ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ቁጥራቸው ግን ሌላ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር ሁለት ነጥብ መምታት የተለመደ ስለሆነ «ያልታወቀ ካራክተር» ብሎ ከማቆም ይልቅ የትኛው ምልክት እንደተጠበቀ መናገር ይሻላል። ቦታውንም ሲጠቁም በባይት ሳይሆን በፊደል ይቁጠር።